ጅቡቲ ወደብ ብቻ አይደለችም

የሚኒ ሚዲያ ክበባችን መጽሔት ይኸው ለዚህ ወርም ደርሳለች። የዚህ ወር ተራ የኔ ስለሆነ ስለ ጎረቤታችን ስለ ጅቡቲ ልጽፍላችሁ ነው። መጀመሪያ ግን ለምን ጅቡቲን እንደመረጥኩ ልንገራችሁ።

በመጀመሪያው ሴሚስተር በሶሻል ክፍለ ጊዜ ቲቸር ስለ ጎረቤት አገሮች እየጠየቁን ነበር። እኔ ጋ ሲደርሱ «አንቺ፣ ስለ ጅቡቲ ሦስት ነገር ንገሪን» አሉኝ። ተነሳሁና «ወደብ አላት» አልኩ። ቀጥዬ «ሙቀት ነው» አልኩ። ሦስተኛው ግን ጠፋኝ። ዝም ብዬ ስቆም ከኋላ ወንበር አንዱ «አባቷ እኮ የጅቡቲ ሹፌር ነው!» ሲል ክፍሉ በሙሉ ሳቀ።

ልጁ አልዋሸም። አባቴ የተሳቢ መኪና ሹፌር ነው። እኔ ሳልወለድ ጀምሮ የጅቡቲን መንገድ ይመላለሳል። እሱ የሚሄድበትን አገር ሦስት ነገር መጥራት አለመቻሌ በጣም አሳፈረኝ።

አባቴ ከመንገድ የመጣ ቀን እግሩን እየታጠበ እያለ ጠየቅኩት። «አባዬ፣ ጅቡቲ ምን ምን አይተሃል?»

«ወደብ፣ ወረፋ፣ ፀሐይ» አለኝና ሳቀ።

«ሌላስ?»

«ሌላማ መቼ አይተን ልጄ። ደርሶ መጫን ነው፣ ጭኖ መመለስ ነው።»

እሱስ ቢያንስ ሦስት ሞልቷል። እኔ ግን ነገሩ ገረመኝ። ሰው ለዓመታት የተመላለሰበትን አገር ሳያየው ሊቀር ይችላል ማለት ነው። ከዛ ቀን ጀምሮ በቤተ መጻሕፍታችን ያለውን አትላስ እያየሁ፣ መጻሕፍት እያነበብኩ፣ ቲቸርንም እየጠየቅኩ ያገኘሁትን ይኸው በአባቴ መንገድ ይዤያችሁ ልሂድ።

አገሪቱ በአጭሩ

ጅቡቲ ትንሽ አገር ናት። ስፋቷ 23,200 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ከ45 በላይ ጅቡቲዎች ይገባሉ ማለት ነው። ሕዝቧ አንድ ሚሊዮን ገደማ ሲሆን ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሚኖረው ዋና ከተማዋ ውስጥ ነው። የከተማዋም ስም ጅቡቲ ነው። ሕዝቡ በብዛት ሶማሊና አፋር ነው፤ እነዚህ ሁለቱ ሕዝቦች እኛም አገር አሉ። የመንግሥት ቋንቋዎቿ ፈረንሳይኛና ዓረብኛ ናቸው። ፈረንሳይኛ የመጣው ፈረንሳይ ገዝታት ስለነበር ነው። ነፃ የወጣችው ሰኔ 20 ቀን 1969 ዓ.ም. ነው። እንደ ፈረንጆቹ ጁን 27 ቀን 1977 ማለት ነው።

ጅቡቲ ሜዳና ባሕር ብቻ ትመስለን ይሆናል። ነገር ግን ተራራ የበዛባት አገር ናት። ትልቁ ተራራዋ ሙሳ አሊ ይባላል። ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። የሚገኘው የጅቡቲ፣ የኢትዮጵያና የኤርትራ ድንበር የሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው። የሚገርመው ግን ይህ ነው፦ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ስለዚህ የጅቡቲ ትልቁ ተራራ አናት ላይ የወጣ ሰው እኛ 18 ማዞሪያ ታክሲ ከምንጠብቅበት ቦታ በታች ነው! አባቴ ቁልቁል የሚወርደው ይህን ሁሉ ነው። «ፍሬን የሚበላ መንገድ ነው» የሚለው ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ።

ከጋላፊ እስከ ዲኪል

ከአዲስ አበባ ጅቡቲ በመኪና ወደ 900 ኪሎ ሜትር ይሆናል። አባቴ በአዋሽ፣ በሚሌ አድርጎ ጋላፊ ላይ ድንበሩን ያልፋል። ከጋላፊ በኋላ የሚያገኛት ትልቋ ከተማ ዲኪል ናት። ሹፌሮች እዛ ሻይ ይጠጣሉ፤ ጎማ ያያሉ።

ከዲኪል ወደ ደቡብ ምዕራብ የሚታጠፍ መንገድ አለ። መንገዱ ወደ አቤ ሐይቅ ይወስዳል። አባቴ በዛ በኩል ታጥፎ አያውቅም። ስለ አቤ ሐይቅ ብዙ የምለው ስላለኝ በኋላ እመለስበታለሁ፤ አትርሱት።

ነጩ ሜዳ

አባቴን «ከዲኪል በኋላ ምን አለ?» ስለው «አንድ ነጭ ሜዳ አለ። ዛፍ የለ፣ ቤት የለ፣ እንደ ጠረጴዛ የተስተካከለ ነው። ሲነፍስ አቧራው መኪናውን ይሸፍነዋል። ፀሐይ ሲወጣ ከሩቅ ውኃ ይመስልሃል፤ ስትደርስ የለም» አለኝ።

ይህንን ሜዳ አትላስ ላይ አገኘሁት። ስሙ ግራንድ ባራ ነው። «ግራንድ» በፈረንሳይኛ ትልቅ ማለት ነው። ትንሹ ባራ የሚባልም አለ። በጥንት ጊዜ ሐይቅ ነበረ። ውኃው ሲደርቅ ከታች የነበረው ጭቃ ነጭ ሆኖ ቀረ። ሜዳው በጣም ለጥ ያለ ስለሆነ ሸራ ያላት ባለ ጎማ ጋሪ ይዘው በነፋስ ብቻ የሚሽቀዳደሙበት ሰዎች አሉ። ጋሪዋ ሞተር የላትም፤ ነፋሱ ሸራውን ሲገፋ ትሮጣለች።

ለአባቴ ይህን ስነግረው «ስም አለው እንዴ?» አለኝ። ያን ሁሉ ዓመት ሲያልፍበት ስሙን አያውቅም ነበር።

አሊ ሳቢህና ባቡሩ

ሌላው መንገድ የባቡሩ ነው። የባቡሩ ሐዲድ በድሬዳዋና በደወሌ አድርጎ ጅቡቲ ሲገባ የሚያገኛት ትልቅ ከተማ አሊ ሳቢህ ናት። በተራሮች መካከል ያለች ከተማ ናት። የድሮው ባቡር ሥራ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1897 ከጅቡቲ በኩል ሲሆን አዲስ አበባ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው። 20 ዓመት ፈጀ ማለት ነው። ለገሃር የምንለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከዚሁ ባቡር ነው፤ «ላ ጋር» በፈረንሳይኛ ባቡር ጣቢያ ማለት ነው። ስለዚህ ፈረንሳይኛ አንችልም አትበሉ፤ ታክሲ ውስጥ ገብተን «ለገሃር ወራጅ አለ!» ባልን ቁጥር እየተናገርን ነው።

በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ ባቡር የተመረቀው በመስከረም 2009 ዓ.ም. ነው። የሚነሳው ከሰበታ ነው። ሰበታ ደግሞ ለኛ ሰፈር ቅርብ ናት።

አንድ ሌላ ያላወቅኩት ነገር አለ። እኛ ጨርቁን፣ ዘይቱን፣ ማዳበሪያውን፣ ነዳጁን በጅቡቲ በኩል እናስመጣለን። እነሱ ደግሞ መብራትና ውኃ ከኛ ይወስዳሉ። ጅቡቲ ዝናብ በጣም ትንሽ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የላትም። ስለዚህ ከሶማሌ ክልል ከተቆፈረ የጉድጓድ ውኃ በቧንቧ ወደ አሊ ሳቢህና ወደ ዋና ከተማዋ ይሄዳል። አንዱ ለሌላው ወደብ ነው፤ ሌላው ለአንዱ ምንጭ ነው።

አርታና ዋና ከተማዋ

ወደ ዋና ከተማዋ ሊደረስ ሲል ተራራ ላይ ያለች አርታ የምትባል ከተማ አለች። ከባሕሩ ከፍ ስለምትል ነፋሻ ናት፤ ሙቀት ሲበዛ ሰው ወደዛ ይወጣል። ከአርታ በታች ባለው ባሕር ዳርቻ በኛ አቆጣጠር ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ዌል ሻርክ የሚባል ዓሣ ይመጣል። ከዓሣ ሁሉ በዓለም ትልቁ እሱ ነው። ከ10 ሜትር በላይ ሊረዝም ይችላል። ከታክሲያችን ሁለት እጥፍ ማለት ነው! ሻርክ ቢባልም ሰው አይነካም። አፉን ከፍቶ ውኃውን እያጣራ በጣም ጥቃቅን ፍጥረታትን ነው የሚበላው። ትልቅ የሆነ ሁሉ ክፉ አይደለም።

ጅቡቲ ከተማ ወደብ የሆነችው ባቡሩ ከመሠራቱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ነው። በከተማዋ መሐል እ.ኤ.አ. በ1906 የተሠራው የሐሙዲ መስጊድ ይገኛል። በከተማው የቆየ ክፍል ያለው አደባባይ ደግሞ ለረጅም ጊዜ ሲጠራ የኖረው በአፄ ምኒልክ ስም ነው። ከነፃነት በኋላ በነፃነታቸው ቀን ተሰይሟል። አባቴ ይህን አደባባይም አላየውም። የሹፌሮች ማቆሚያ ከከተማው ውጪ ነው። በበጋቸው ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ስለሚሄድ ሹፌሮቹ ቀን ቀን መኪናው ሥር ምንጣፍ አንጥፈው ይተኛሉ፤ የሚሠሩት ሲመሽ ነው።

የጨው ሐይቅ፦ አሳል

አሁን አባቴ የማይደርስበት ቦታ ልወስዳችሁ ነው። ከዋና ከተማዋ ወደ ምዕራብ ከተጓዝን በኋላ ወደ ሰሜን የሚወስደውን መንገድ ስንይዝ አሳል ሐይቅን እናገኛለን። አሳል ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ላይ ይገኛል። በመላው አፍሪካ ከዚህ የበለጠ ዝቅ ያለ ቦታ የለም፤ የኛ ዳሎል እንኳ ከዚህ ከፍ ይላል። 155 ሜትር ምን ያህል ነው? ባሕሩ ዳር ቆማችሁ ወደ ታች 50 ፎቅ ብትወርዱ ያህል ነው።

የአሳል ውኃ ከባሕር ውኃ አሥር እጥፍ ያህል ጨዋማ ነው። ለምን? እዚህ ጋ ቤቴ የሠራሁትን ሙከራ ልንገራችሁ። አንድ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ሦስት ማንኪያ ጨው በጥብጬ ሰሃን ላይ ገልብጬ ግቢያችን ፀሐይ ላይ አስቀመጥኩት። እማዬ «ጨዉን የት አደረስሽው?» ብላ ተቆጥታኛለች። በሦስተኛው ቀን ውኃው ሲያንስ ታናሽ ወንድሜን አቀመስኩትና ተፍቶ ሸሸ። በአምስተኛው ቀን ሰሃኑ ላይ ነጭ ጨው ብቻ ቀረ።

አሳልም እንደ ሰሃኔ ነው። ከሐይቁ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ጉቤት የሚባል የባሕር ክንድ አለ። ሐይቁ ከባሕሩ ዝቅ ስለሚል የባሕሩ ውኃ በመሬት ስንጥቅ ውስጥ ሰርጎ ወደ ሐይቁ ይገባል። ከሐይቁ ግን የሚወጣ ወንዝ የለም። ውኃው በፀሐይ ይተናል፤ ጨው ግን አይተንም። ልዩነቱ፣ የኔ ሰሃን አንዴ ብቻ ነው የተሞላው፤ አሳል ግን ሁልጊዜ ይሞላል፣ ሁልጊዜ ይተናል። ስለዚህ ዳሩ በሙሉ ነጭ ጨው ነው። በድሮ ጊዜ አፋሮች ይህን ጨው በግመል ጭነው ወደ ኢትዮጵያ ያመጡ ነበር። እንግዲህ የጅቡቲ መንገድ የመጀመሪያዎቹ «ተሳቢዎች» ግመሎች ናቸው።

በአሳልና በጉቤት መካከል አርዱኮባ የሚባል እሳተ ገሞራ አለ። የፈነዳው እ.ኤ.አ. በ1978 ሲሆን ለአንድ ሳምንት ያህል ቆይቷል። ምክንያቱ በዚህ አካባቢ መሬት እየተሰነጠቀች መሆኗ ነው። ሦስት ትላልቅ የመሬት ቅርፊቶች አፋር አካባቢ ይገናኛሉ፤ ቀስ በቀስም ይለያያሉ። በዓመት የሚራራቁት ጥፍራችን የሚያድገውን እንኳ አያህልም። ግን በሚሊዮን ዓመት ሲቆጠር ባሕር ይሠራል።

የጥድ ደን፣ ታጁራና ኦቦክ

ከአሳል ወደ ሰሜን ስንወጣ የጎዳ ተራሮች ይመጣሉ። እዛ ላይ ዴይ የሚባል የጥድ ደን አለ። አዎ፣ እንጦጦ ላይ እንደምናየው ጥድ! በረሃ መሐል ጥድ የበቀለው ተራራው ከፍ ስለሚል ቀዝቀዝ ብሎ ጉም ስለሚይዝ ነው። በዚህ ደን ውስጥ ከጅቡቲ በስተቀር በየትም አገር የማትገኝ ቆቅ ትኖራለች። ስሟም የጅቡቲ ቆቅ ነው። የሚያሳዝነው ግን በድርቅ፣ በግጦሽና በእንጨት ለቀማ ምክንያት ከዛፎቹ ብዙዎቹ ደርቀዋል። ዛፉ ካለቀ ቆቋም ታልቃለች፤ ሌላ የምትሄድበት አገር የላትም።

ከተራራው ሲወረድ በባሕሩ ዳር ታጁራ አለች። ቤቶቿ ነጫጭ ናቸው፤ መስጊዶቿም ብዙ ናቸው። ታጁራ ከጅቡቲ ከተማ ትበልጣለች፤ በስፋት ሳይሆን በዕድሜ። ጅቡቲ ከተማ ሳትኖር በፊት ከባሕር ማዶ ወደ ሸዋ የሚመጡ ነጋዴዎችና መልእክተኞች ከመርከብ የሚወርዱት ታጁራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዝ መልእክተኞች ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ለመምጣት የተነሱት ከዚችው ከተማ ነው። ከዛ እስከ አንኮበር በግመልና በበቅሎ ነው።

ከታጁራ አለፍ ስንል ኦቦክን እናገኛለን። ፈረንሳዮች መጀመሪያ የያዟት ቦታ እሷ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1862። በኋላ ዋና ከተማው ወደ ጅቡቲ ሲዛወር ኦቦክ ጸጥ ያለች ከተማ ሆና ቀረች። ከኦቦክ ወደ ሰሜን ባብ ኤል መንደብ የሚባለው ጠባብ የባሕር በር ይገኛል። ትርጉሙ በዓረብኛ «የእንባ በር» ማለት ነው። ከዛ ማዶ የመን ናት፤ ርቀቱ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው።

የሰፈራችን ወንዝ መጨረሻ

አሁን አትርሱት ወዳልኳችሁ ወደ አቤ ሐይቅ እንመለስ። አቤ በኢትዮጵያና በጅቡቲ ድንበር ላይ ያለ ሐይቅ ነው። በዙሪያው ከመሬት ተነስተው እንደ ጭስ ማውጫ የቆሙ ድንጋዮች አሉ። አንዳንዶቹ እስከ 50 ሜትር ይደርሳሉ። ከአንዳንዶቹም እንፋሎት ይወጣል። የተሠሩት እንዲህ ነው፦ ከመሬት ውስጥ የሚወጣ ፍል ውኃ ኖራ መሰል ነገር ይዞ ሐይቁ ሥር ሲወጣ እየተጋገረ ይከመራል። እቤታችን ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር ዓይነት ነው። በኋላ ሐይቁ ሲሸሽ ክምሩ ብቻውን ቆሞ ቀረ።

ወደ አቤ የሚገባው ዋናው ወንዝ ማን ይመስላችኋል? አዋሽ ነው! አዋሽ ባሕር አይደርስም። ከጊንጪ አካባቢ ተነስቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ መጨረሻው አቤ ሐይቅ ነው።

እስቲ አሁን ይህንን ተከተሉኝ። እኛ ሰፈር ያለው፣ ከድልድዩ ላይ ሆነን አፍንጫችንን ይዘን የምናልፈው ወንዝ፣ ወደ ትንሹ አቃቂ ይገባል። ትንሹ አቃቂና ትልቁ አቃቂ ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባሉ። ከአባ ሳሙኤል የወጣው ውኃ ከአዋሽ ጋር ይቀላቀላል። አዋሽ ወደ ቆቃ፣ ከቆቃ ወደ መተሃራ፣ ከዛም አፋርን አቋርጦ ወደ አቤ ይሄዳል። ይህን አትላስ ላይ በጣቴ ስከተል ደጋግሜ አየሁት። እንግዲህ ከኮልፌ ተነስቶ ወደ ጅቡቲ ድንበር የሚሄደው የአባቴ መኪና ብቻ አይደለም። የሰፈራችን ወንዝም ይሄዳል!

በእርግጥ ጠብታው ሁሉ ይደርሳል ማለት አይደለም። በመንገድ ላይ ለሸንኮራ አገዳ፣ ለጥጥ፣ ለአትክልት ይጠለፋል። በዚህና በድርቅ ምክንያት አቤ ከድሮው በጣም አንሷል። ግን እኛ ከድልድዩ ላይ የምንጥለው ፌስታልና ቆሻሻ ከዓይናችን ራቀ እንጂ አልጠፋም። የአቃቂ ገበሬ በዛ ውኃ ጎመን ያጠጣል። የአፋር አርብቶ አደር ግመሉን ከአዋሽ ያጠጣል። እኔም ከዚህ በፊት የደስታ ከረሜላ ልጣጭ ሳይቀር እጥል ነበር፤ አልዋሽም። አሁን ግን ድልድዩ ላይ ስደርስ ጅቡቲ ትዝ ትለኛለች።

ለማጠቃለል

ባለፈው አባቴ ሲወጣ የሣልኩትን ካርታ አጥፌ ሰጠሁት። ግራንድ ባራን በቢጫ፣ አሳልን በነጭ፣ አቤን በሰማያዊ ቀብቼዋለሁ። መኪናው ውስጥ ፀሐይ መከላከያው ላይ ሰካው። ሲመለስ ከጋላፊ ደወለ። እማዬን ሰላም ካላት በኋላ «ልጅቷን አቅርቢልኝ» አለ። «ነጩ ሜዳ ላይ መኪናዬን አቁሜ ወረድኩ። ረዳቴ ጎማ የፈነዳ መስሎት ደነገጠ። ‹ኧረ የልጄን ሜዳ ላይ ነው› አልኩት» አለኝ። ስንት ዓመት አልፎበት ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው ያን ቀን ነው።

አሳል ይቀረዋል፤ አቤም ይቀረዋል። እኔ ደግሞ ሁሉም ይቀረኛል። አሁን ግን ቲቸር ቢጠይቁኝ ሦስት ብቻ ሳይሆን ሠላሳ እነግራቸዋለሁ። እናንተም አባታችሁ፣ እናታችሁ፣ አክስታችሁ የሚውሉበትን ቦታ ጠይቁ። ሻንጣ ሳይያዝ ብዙ አገር ይታያል።

እስቲ መልሱ፦
1. ከአፍሪካ ዝቅተኛው ቦታ የትኛው ነው? ከባሕር ወለል በታች ስንት ሜትር ነው?
2. አዋሽ ወንዝ መጨረሻው የት ነው?
3. ለገሃር የሚለው ስም ከየት መጣ?

መልሱን ጽፋችሁ በሚኒ ሚዲያ ክፍል በር ላይ ባለው ሳጥን ክተቱ። ቀድመው የመለሱ ሦስት ተማሪዎች ስማቸው በሰልፍ ሰዓት በማይክ ይነበባል።

በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ ሰላም ሁኑ!

ከ7ኛ ክፍል፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል
ኮልፌ 18 ማዞሪያ